የማክሰኞዋ ገጽ

«ያን ቀን እህቴ አጠገቤ ነበረች፤ አብረን ነው የዋልነው» ሲል ወንድሟን የሰማችው ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው። መታጠቢያ ቤቱና የወንድሟ መኝታ ክፍል የሚጋሩት ግድግዳ ስስ ነው፤ ሳልም ያሳልፋል፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቅም ያሳልፋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የእሷ ጆሮ ግን ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጆሮ ነበር፤ ትንሽ ድምፅ አያመልጠውም። ወንድሟ በስልክ የሚያነጋግረው የኩባንያቸውን ጠበቃ መሆኑን ከድምፁ ልስላሴ አወቀች። «አዎ፣ ማክሰኞ። ሙሉ ቀን» አለ ደግሞ። ውሃውን ዘጋችና አፏን አረፋ እንደሞላው መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። ያን ማክሰኞ እሷ የነበረችው ሆስፒታል፣ እናታቸው አልጋ ራስጌ ነው። እሱ ነው ያልነበረው። እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች እሱ ላብራቶሪ ውስጥ ከስልክ ጋር ሲታገል መዋሉን ለአሥራ አንድ ዓመት ስትነግረው ኖራለች፤ ቤት ውስጥ ጠብ በተነሳ ቁጥር፣ ነገሩ ስለ መብራት ቆጣሪም ይሁን ስለ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ መዝጊያው ያው ነው፤ «አንተማ ያን ቀን ስልክ ስታስተኛ ነበር!» እሱም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ይባስ ብሎ እሷንም ከእናቷ አልጋ ነቅሎ ላብራቶሪ አስገባት።

ነገሩ ላይ ላዩን ለሚሰማው የስልክ ወሬ ነው። እህትና ወንድም የሚሠሩበት ኩባንያ የእጅ ስልክ እየሠራ ይሸጣል፤ ሦስት ፎቅ ሕንፃ፣ መቶ አርባ ሠራተኛ፣ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ያለው ነው። አንድ ስሙን ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ትልቅ ኩባንያ ግን «ስልኮቻችሁ የሚተኙበት ዘዴ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ፈቃድ ከእኔ ግዙ፣ ላለፈውም ካሳ ክፈሉ» ብሎ ከሰሳቸው። ዘዴው ማንም የማይነካውን ስልክ ያስተኛዋል፤ የተኛው ስልክ ግን እንደ አራስ እናት በየመሀሉ ብንን እያለ የጠራው መኖር አለመኖሩን ያዳምጣል፤ ጠሪ ካላገኘ መልሶ ይተኛል። ባትሪው ሁለት ቀን የሚከርመው በዚህ ነው። ትልቁ ኩባንያ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ ማመልከቻ ያስገባው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በአንድ ሐሙስ ቀን ነበር። የወንድሟ የላብራቶሪ ደብተር ደግሞ ዘዴው ተሠርቶ የተለካው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ መሆኑን ይናገራል። ሕጉ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ዘዴውን በእጁ ያስገባ ሰው ፈቃድ ግዛ አይባልም ይላል። እንግዲህ የመቶ አርባ ሰው ጉሮሮ የተንጠለጠለው በማክሰኞና በሐሙስ መካከል ባለችው ክፍተት ላይ ነው። ኩባንያው ከተረታ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሌላ ሥራ አያጡም፤ ታች ስልክ የሚገጣጥሙት ሴቶች ግን በወሩ መጨረሻ በር ይዘጋባቸዋል።

እሷ እዚህ ውስጥ የገባችው በፊርማዋ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሥራዋ መለካት ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ስንት ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ አንቴናው ምን ያህል ይሰማል። ስሟን የሚጠራ የለም፤ ዘበኛውም ሥራ አስኪያጁም «ለኪዋ» ይላታል። መሐንዲሱ ወንድሟ ደግሞ በጆሮዎቹ ስፋት «አንቴና» ነው። በላብራቶሪው ደንብ መሐንዲስ የሠራውን ሁሉ በቀን በቀኑ ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ በየገጹ ግርጌ «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል የታተመ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ በሥራው እጁ የሌለበት ሰው በዕለቱ ቀን ጽፎ ይፈርማል። ይኸ ደንቡ ነው። ልማዱ ሌላ ነበር። መሐንዲሶቹ የሳምንቱን ገጾች ያጠራቅሙና ለኪዋ ጠረጴዛ ላይ ይከምሩታል፤ እሷም ከገጹ ራስ ላይ ያለውን ቀን ወደ ግርጌው እየገለበጠች ትፈርማለች። ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው፤ ማን እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ! አንድ ነገር ብቻ ሳታጎድል ታደርግ ነበር፤ በፈረመች ቁጥር ግድግዳው ላይ ያለውን ሙቀት መለኪያ ቀና ብላ አይታ ቁጥሩን ከፊርማዋ ጎን በእርሳስ ትጽፋለች። ሙቀቱ ያልተጻፈ ልኬት ወሬ ነው የምትለው አባባል አላት። ጓደኞቿ «እሷማ የሠርግ ጥሪ ስትቀበል እንኳ ሙቀት ትጽፍበታለች» እያሉ ይስቁባታል።

የቁርሱ ጠረጴዛ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ሻይ ቀርቧል። ልብስ ሰፊዋ የወንድሟ ሚስት፣ ለኪዋ ዛሬ የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ትከሻው ላይ አጥብባላት ማታውኑ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። ኮቱ የእናታቸው ነበር፤ ቤቱም የእናታቸው ነበር። እናታቸው ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ዛሬም ማንም አይቀመጥም፤ የታጠፈ ልብስ ነው የሚቀመጥበት። ወንድሟ እንቁላሉን ልጦ ሲያበቃ ሳይበላው ሳህኑ ዳር አደረገው። ሰዓቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እሷን ግን አላየም። እሷ ደግሞ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ሻዩ ውስጥ ስኳር የምታማስልበት ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከሟሟም ቆይቷል። እንዲያው «ብላ እንጂ» ብትለው ምን ነበረበት፤ እንዳያማህ ጥራው ይባል የለ። አላለችም። ሚስትዬዋ በመሀላቸው ዳቦ እየቆረሰች፣ ቀና ሳትል፣ «እትዬ፣ ዛሬን ብቻ ቂሙን እቤት ይተዉት፤ ከእናንተ ጋር ስንት ሰው አለ» አለቻት። ቃሉ የተማጽኖ ነው፤ ለኪዋን ግን እንደ ጥፊ መታት። ትናንት ጠበቃው ሲደውልላት የገጹን ቀን ነግሯት ነበር፤ ቀኑን ስትሰማ ወዲያው አውቃዋለች፤ የእናቷን መሞቻ ቀን ማን ይረሳል? ግን «ፊርማዎን ብቻ ይለዩልን» ስላላት ሆዷ ውስጥ ቀበረችው። ፊርማው የእሷ ነው፤ ይኼ ውሸት የለበትም። ከዚያ ያለፈውን አልጠየቋትም። አሁን ግን ወንድሟ ያለፈውን ሁሉ ራሱ ሞልቶ ሰጥቷቸዋል።

በታክሲ ሄዱ። ዝናብ ስላካፋ ሾፌሩ ዋጋውን እጥፍ ጠራ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለኪዋ እስከ መውረድ ድረስ ትከራከረው ነበር፣ ዛሬ ዝም ብላ ገባች። ወንድሟ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የኋላ መቀመጫው ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ትልልቅ ጆሮዎች ከኋላ አየቻቸው፤ ሲጨንቀው ጫፋቸው እንደ በርበሬ ይቀላል፣ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው። በሁለት መብራት መካከል «ጠዋት ስታወራ ሰምቼሃለሁ» አለችው። ጆሮዎቹ ይበልጥ ቀሉ። «ምን ልበል ታዲያ፣ እታለም?» አለ ሳይዞር። «ቃሌን በጽሑፍ ከሰጠሁ ቆየ።» ሾፌሩ የባልና ሚስት ጠብ መስሎት ራዲዮኑን ከፍ አደረገላቸው።

ጉዳዩ የሚታየው መደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን ሁለቱ ኩባንያዎች ተስማምተው በመረጧቸው ሦስት የግልግል ዳኞች ፊት ነው፤ ቦታውም አንድ የቢሮ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የተከራዩት አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ወለሉን ያለበሰ ግራጫ ምንጣፍ፤ ሰው ሲራመድ ድምፅ የለውም። የኩባንያቸው ጠበቃ በር ላይ ተቀበላት። ወፍራም፣ ላብ የሚያልበው፣ ደግ ሰው ነው፤ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እናቴ፣ እዚህ ቤት ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት። «ፊርማዬ ነው ይበሉ፤ ቀኑም የተጻፈው ነው ይበሉ፤ ከጠየቁዎት በላይ አንዲት ቃል አይጨምሩ።» በእድሜ ከእሷ ብዙም የማያንስ ሰው «እናቴ» ሲላት ሌላ ጊዜ ትቆጣ ነበር። ዛሬ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። ወንድሟ ከኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከእሱ በላይ የአየር ማቀዝቀዣው ተሰቅሏል።

ቃለ መሐላ ፈጸመች። ከዚያ ደብተሩን አመጡት። ለአሥራ አንድ ዓመት በካዝና የኖረው እውነተኛው ደብተር ነው፤ እስካሁን ሁሉም ሰው ያየው ቅጂውን ነበር፣ የእሷ ፈዛዛ እርሳስ ደግሞ ቅጂ ላይ አልወጣም። ጥቁር ልባሱ ጠርዙ ላይ ተልጧል። የዳኞቹ ጸሐፊ በጥጥ ጓንት ገጹን ገልጣ ፊቷ አኖረችላት፤ ሕፃን የምታስተኛ ይመስል ቀስ ብላ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለ ጠበቃቸው። «የእኔ ነው።» «ቀኑስ የማን ጽሕፈት ነው?» «የእኔ ነው።» «አመሰግናለሁ።» አለቀ። ጠበቃው ከመቸኮሉ የተነሳ ሳይቀመጥ ወረቀቱን ሰበሰበ። እሷ ግን ዓይኗን ከገጹ ላይ ማንሳት አቃታት። ከፊርማዋ ጎን፣ በእርሳስ፣ በራሷ ጽሕፈት፣ ሠላሳ አንድ ተጽፏል።

ላብራቶሪው ክረምት ከበጋ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው። ሠላሳ አንድ የሆነበትን ቀን አትረሳውም፤ ከቀብር በኋላ ሥራ የተመለሰችበት ሰኞ ነው፤ ማቀዝቀዣው ቅዳሜ ሌሊት ተቃጥሎ ጥገናው ሰውዬ መሰላል ላይ ቆሞ ላቡ ጠረጴዛዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እሷ ያን ቀን ደብተሩን በለቅሶ ባበጠ ዓይን፣ ምን እንደተጻፈበት ሳታይ ነው የፈረመችው። እሺ፣ ይህን ታውቀዋለች። ያላወቀችው ከላይ ያለውን ነው። ዓይኗ ከፊርማዋ ተነስቶ ወደ ወንድሟ ሠንጠረዥ ሄደ፤ የተኛው ሰሌዳ የጠጣው ኤሌክትሪክ፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። አንዴ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ያን ሰሌዳ ለስምንት ወር በየቀኑ ለክታዋለች፤ ሌላ ሴት የልጆቿን ዕድሜ እንደምታውቀው ታውቀዋለች። በሃያ ሁለት ዲግሪ ከዘጠኝ አልፎ አያውቅም። ክፍሉ ሲሞቅ ነው የተኛ ሰሌዳ ጥሙ የሚጨምረው። አሥራ አራት የሚደርሰው ሠላሳ አንድ ላይ ብቻ ነው። እንግዲያው ሰኞ የሆነው መፈረሙ ብቻ አይደለም፤ የተለካውም ሰኞ ነው። ማክሰኞ ላብራቶሪው ውስጥ ይህን የለካ ሰው አልነበረም። ዞራ ወንድሟን አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

የዚያኛው ወገን ጠበቃ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ እየፈለገች ነበር። «ይቅርታ፣ ከፊርማዎ ጎን በእርሳስ ያለችው ቁጥር ምንድን ናት? በእኛ ቅጂ ላይ የለችም» አለች።

«የክፍሉ ሙቀት።»

«ሁልጊዜ ይጽፋሉ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሠላሳ አንድ ለላብራቶሪ አልበዛም?»

ጠበቃቸው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰዓቱን አሳየ፤ የምሳ ሰዓት አልፏል፣ ምስክሯ ደክመዋል አለ። ሰብሳቢው ዳኛ ሠላሳ ደቂቃ ፈቀዱ። ገና ከበሩ እንደወጡ ጠበቃው ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋት፤ ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። «ያ ላብራቶሪ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ቤት ቀይሯል፤ የዚያን ዘመን የሙቀት መዝገብ ጠፍቷል። ማክሰኞ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነበር ብለው ካስታወሱ የሚከራከርዎት የለም። ካስታወሱ ነው የምልዎ» አላትና ወደ ታች ወረደ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የሚፈልጉት። ከዚያች በኋላ መቶ አርባ ሰው ደመወዙን ይበላል፣ ወንድሟም ቀን አሳሳተ፣ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበ ከመባል ይድናል።

ወንድሟን ኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ አገኘችው። ከታች የሕንፃው መኪና ማቆሚያ ይታያል፤ መኪኖቹ በዝናብ ታጥበው ያብረቀርቃሉ። አጠገቡ ቆመች። «ማክሰኞ የት ነበርክ?» አለችው።

«ላብራቶሪ ነበርኩ አልኩ እኮ።»

«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ነው የጻፍከው። ዳኞቹን አታልል፤ እኔን ግን በቁጥር አታታልለኝም። የት ነበርክ?»

ትንፋሹ መስታወቱን ያጨፈግገዋል፣ መልሶ ይጠራል። ለአሥራ አንድ ዓመት የሚያውቁት ዝምታ ነው፤ በእራት ላይ፣ በበሽታ ላይ፣ በሙት ዓመት ላይ አብሯቸው የተቀመጠ ዝምታ። ልትተወው ስትል፣ «መጋረጃውን ሁለቴ ከፍተሽ ነበር» አለ፤ «አንዴ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮቱን ከፍተሽ ከአበባው ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ደፋሽ። መኪናዬ ላይ ነው ያረፈው።» ለኪዋ የመስኮቱን ደፍ ጨበጠች። አበባውን የጎረቤት አልጋ ታማሚ ልጆች ነበሩ የሰጧቸው፤ ጠውልጎ ውሃው ሸቶ ነበር፤ መድፋቷን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ማን ይጠይቃታል እንዲህ ያለውን?

ከዚያ በኋላ ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ። እናታቸው ከዚያች ማክሰኞ ጥቂት ቀን በፊት በተደረገላት ቀዶ ጥገና ዋዜማ ምሽት እጁን ይዛ «ልጄ፣ ቢላ አታስነካኝ፣ እንዲሁ ልሂድ» ብላው ነበር። እሱ ግን ለመናት፣ አባበላት፣ ሐኪሞቹ ያሉትን እየደገመ አሳመናት፤ የፈቃድ ወረቀቱንም የፈረመው እሱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ መጣ፤ መኪናውን ከመስኮቷ ሥር አቆመ፤ ደረጃው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደረጃው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ መሪውን እንደያዘ ስልኩን እያየ ዋለ፤ እሷ ደውላ «ተርፋለች» እስክትለው። ባትሪው ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ እህቴ ሳትደውልልኝ ይጠፋብኛል ብሎ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ነው የመጣለት፤ ዝም ብሎ የሚተኛ፣ ሲጠሩት ብቻ የሚነቃ ስልክ። «አለቀች» ልትለው ስትደውል ገና ጥሪው ሳይደግም ነበር ያነሳው። ለኪዋ ይህንንም ታስታውሳለች፤ «ስልኩን እየነካካ ስለነበር ነዋ» ብላ እንደ አንድ ተጨማሪ ኃጢአት ይዛበት ነበር። «ታዲያ ለምን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣህ?» አለችው። «ከሥራ ቦታ የሚያስመጣውን ያህል ታች ቆየሁ» አለ። «ሰኞ ሠርቼ ለካሁት፤ ማክሰኞ ብዬ ጻፍኩት። የታሰበው ማክሰኞ ነው። ደግሞም ላብራቶሪ ነበርኩ ብዬሽ ነበር። ሐሙስ ማን ምን እንዳስገባ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ይህን ሁሉ ዓመት ስሰድብህ ምነው ዝም አልክ?»

«ልብ የለህም ስትዪኝ ይሻለኛል፣ ፈሪ ከምትዪኝ» አለ። ቀጥሎ ፊቱን በመሐረብ ጠረገና ሌላ ሰው ሆነ፤ መሐንዲስ ሆነ። «ብትናገሪ አልከለክልሽም፣ እታለም። ግን እኔን ብቻ አይደለም የምትጥዪው። ታች የሚገጣጥሙትን ሴቶች በስም ታውቂያቸዋለሽ።»

በስም ታውቃቸዋለች። ወደ አዳራሹ ስትመለስ አንድ በአንድ መጡባት፤ አንዷ መንታ አላት፣ አንዷ ዓይኗ እየደከመ አጉሊ መነጽር ትዋሳታለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት ውሸት ብትዋሽ ምን ነበረበት? ሰው ለስንት ርካሽ ነገር ይዋሽ የለ? ነገር ግን ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ውሸቷ ምን ዓይነት ውሸት እንደሆነች ቁልጭ ብላ ታየቻት። ኩባንያው እንዲድን ወንድሟ ያን ቀን ላብራቶሪ ነበር ብላ መመስከር አለባት። ይህ ምስክርነት አዲስ አይደለም፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ወንድሟ ላይ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት በየእራቱ ስትመሰክረው የኖረችው ነው። ያላየችውን፣ ያልለካችውን። አሁን ይህንኑ በመሐላ እንድታትመው ነው የሚጠይቋት። የመንታዎቹ እናት ከፊቷ አልጠፋችም፤ እስከ መጨረሻውም አልጠፋችም።

ሴትዮዋ ጠበቃ መነጽሯን አግኝታለች። ስለ ሙቀቱ ልትቀጥል አፏን ከፍታ ሐሳቧን ለወጠችና አንድ ወረቀት አነሳች። «ወንድምዎ በጽሑፍ ቃላቸው ‹ያን ማክሰኞ እህቴ አጠገቤ ነበረች› ብለዋል። እውነት ነው? አጠገብዎ ነበሩ?»

«አዎ፣ አጠገቤ ነበረ» አለች ለኪዋ። ጠበቃቸው በእፎይታ ወንበሩን ተደገፈ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር፤ ደብተሩን ራቅ አደረገችውና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ሦስት ፎቅ ከእኔ በታች ነበረ። እኔ ሆስፒታል፣ የእናታችን አልጋ አጠገብ፤ እሱ ደግሞ ከመስኮቴ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ። ከጠዋት እስክትሞት ድረስ አልሄደም። ላብራቶሪ ማናችንም አልነበርንም። ደብተሩን የፈረምኩት በሳምንቱ ሰኞ ነው፤ ማቀዝቀዣው የተበላሸው ያኔ ነው። የተለካውም ያኔ ነው።»

የጸሐፊዋ ጣቶች መተየቢያዋ ቁልፎች ላይ ቆሙ። ጠበቃቸው የውሃውን ክዳን መክፈትና መዝጋት ጀመረ። ከዳኞቹ አንዱ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ። «ከሥር እኮ ‹አንብቤ ተረድቻለሁ› ይላል» አለች ሴትዮዋ ጠበቃ፤ ያሸነፈች ሰው ድምፅ አልነበረም፣ ግራ የገባት ሰው ድምፅ እንጂ። «አላነበቡትም ነበር?»

«ያኔ አላነበብኩትም። ያነበብኩት ዛሬ ነው።»

ከኋላ፣ ከጥጉ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሳል መስሏቸው ማንም አልዞረም። ለኪዋ ግን ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ፣ እንዳይሰማበት ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ የሚያወጣው ድምፅ ነው። በእናቱ ቀብር ላይ አላሰማውም ነበር፤ ያንንም ይዛበት ነበር።

ሌላው ሁሉ ሥርዓት ነበር። ጥያቄው አለቀ፣ ዳኞቹ ማስታወሻቸውን ዘጉ፣ ጠበቃቸው ሳያያት ወጣ። ጸሐፊዋ የተየበችውን ቃል በስምንት ገጽ አትማ አመጣችላትና «እዚህ ግርጌ ይፈርሙልኝ፤ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፣ ቃል በቃል ነው» አለቻት። ለኪዋ መነጽሯን አወጣች። አነበበች። እያንዳንዱን መስመር፣ በጣቷ እየተከተለች፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፤ ጸሐፊዋ እግሯን ቀያየረች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በር ላይ ባልዲዋን ይዛ መጥታ ቆመች። ሰባተኛው ገጽ ላይ «መኪና ማቆሚያው ላይ» የሚለውን ስታገኝ ጣቷ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀኑን፣ የዛሬውን ቀን፣ ጻፈችና ፈረመች። ብዕሩን አስቀምጣ ጸሐፊዋን እርሳስ ለመነቻት። ግድግዳውን ቃኘች፤ ሙቀት መለኪያ የለበትም።

«የክፍሉ ሙቀት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊዋ ይህችስ ጤነኛም አይደለች በሚል ዓይን አየቻት።

ወንድሟ ከጥጉ ተነስቶ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ጆሮዎቹ እስከ ሥራቸው ቀልተዋል። ሙቀቱ የሚታይበትን የማቀዝቀዣውን ትንሽ መስኮት በእጅጌው ጠርጎ አየ።

«ሃያ ሦስት ነው፣ እታለም» አላት።

ሃያ ሦስት ብላ ጻፈች።